የቆየ የፊንጢጣ መሰንጠቅና ምግብ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

የፊንጢጣ መሰንጠቅ በፊንጢጣ ጠርዝ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ሲቀደድ የሚፈጠር ቁስል ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሕመሙ ግን ሰውን ሽንት ቤት መሄድ እስኪያስፈራው ያደርሰዋል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ ካልዳነ የቆየ ይባላል። በጎጃም፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ በዚያ አካባቢ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ኪንታሮት» እየተባለ ስለሚጠራ ብዙ ሰው የኪንታሮት ነው የተባለ ቅጠልና ሥር ቁስሉ ላይ ይቀባል። የሚያቃጥል ነገር ክፍት ቁስል ላይ ማድረግ ጉዳቱን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም። ይህን በሽታ በየቀኑ የሚወስነው የሰገራው ልስላሴ ነው፤ የሰገራውን ልስላሴ ደግሞ የሚወስነው ማዕዱና ውሃው ነው።

ምልክት፦ ሰገራ ሲወጣ ይቆርጣል፤ ከወጣ በኋላም ለሰዓታት ያቃጥላል

ደረቅ ሰገራ ሲያልፍ ቆዳው ይቀደዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደውም በኋላ በኩል፣ መሃል ላይ ነው። ሕመሙ የውስጠኛውን የፊንጢጣ ጡንቻ ያኮማትረዋል። ይህ ጡንቻ በፈቃዳችን የምናዘው ስላልሆነ «ልልቀቀው» ብንል አይለቅም። በተኮማተረ ቁጥር ወደ ቁስሉ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ደም ያነሰው ቁስል ደግሞ አይድንም። ከዚህ ላይ ሕመሙን የፈራ ሰው ሰገራውን ይይዛል። በደንዳኔ (በትልቁ አንጀት) ውስጥ የቆየ ሰገራ ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፤ በማግስቱ ሲወጣ ያንኑ ቁስል መልሶ ይቀድደዋል። በሶፍቱ ላይ ወይም በሰገራው ገጽ ላይ የሚታየው ደማቅ ቀይ ደም ከዚያ ነው። ቁስሉ ሲቆይ ጫፉ ላይ ትንሽ የቆዳ ጉብታ ይበቅላል፤ እሱም በተራው ኪንታሮት ይመስላል።

መፍትሄው ይህን ዙሪት ከሰገራው በኩል መስበር ነው። ሰገራዎ እንደ ፍየል በጠጥ የተንጠባጠበ ወይም የተሰነጣጠቀ ጥቅል ከሆነ ገና ደረቅ ነው። የሚፈለገው ለስላሳ፣ ቅርጽ ያለው፣ ሳያስምጥ የሚወጣ ነው። ይህ ለአዋቂ በቀን ከ25 እስከ 35 ግራም አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ እና 2 ሊትር ያህል ውሃ ይጠይቃል። በፀሐይ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ የሚውል ሰው ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የውሃውን መጠን ሐኪሙ ይወስንለት።

ከምግቡ ጎን ለጎን፣ ከሰገራ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙቀቱ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል። ውሃው ውስጥ ዴቶልም ሳሙናም አይጨምሩ።

ምልክት፦ እንጀራና ሽሮ በየቀኑ እየበላሁ ሰገራዬ ደረቅ ነው

ይህ ቅሬታ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የጎጃም ማዕድ በአሰር ደሃ አይደለምና። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው አይለይም፣ ከነገለባው ነው የሚፈጨው፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 8 ግራም ገደማ አሰር አለው። የዳጉሳም እንጀራ እንዲሁ ጥሩ ነው። ታዲያ ምን ይጎድላል? ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። አሰር ሰገራን የሚያለሰልሰው ውሃ ይዞ ነው፤ ውሃ ካላገኘ ራሱ ደርቆ ይጠጥራል። ቡና ሦስት ሲኒ፣ ከምሳ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ማታ ምንም፤ በደጋው አገር ብርዱ ጥማትን ስለሚያጠፋ ቀኑ እንዲህ የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠዋት ሞልተው ዓይንዎ በሚያየው ቦታ ያስቀምጡ፤ ማታ ባዶ መሆን አለበት። ጠጥቻለሁ ብሎ ከመገመት ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው ክክ ነው። ሽሮ የሚፈጨው ጥራጥሬው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ ነው። አሁንም ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከአሰሩ ብዙው ከገለባው ጋር ሄዷል። ቀዩን የምስር ክክ በድፍን ምስር ይለውጡ፤ አንድ ጭልፋ፣ 100 ግራም ገደማ የበሰለ ድፍን ምስር፣ 8 ግራም አሰር ይሰጣል። የሽምብራና የስንዴ ንፍሮም ጥሩ መክሰስ ነው። ቆሎ ግን እስኪድን ይቆይ፤ በደንብ ያልታኘከ ቆሎ ስብርባሪው ቁስሉን ይቧጭራል። ፈንዲሻም እንዲሁ።

ሦስተኛው ወንፊት ነው። ከሱቅ የሚገዛ የፍርኖ ዱቄት ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ብስኩት አሰራቸው ጥቂት ነው። ጤፍ ስለተወደደ ከሩዝ ተደባልቆ የሚጋገር እንጀራም በሩዙ ልክ አሰሩ ይቀንሳል፤ መደባለቅ ካልቀረ ዳጉሳ ወይም ማሽላ ይደባለቅ። ስንዴ ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ ሳይነፉ ዳቦ መጋገር ከሁሉም ይረክሳል። ለከብት የሚሸጠው ፉርሽካ የስንዴው ገለባ፣ ማለትም አሰሩ ነው፤ ሰው ነጩን በልቶ ለከብቱ ያንን መስጠቱ ያሳዝናል።

አራተኛው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። በመራዊ በኩል ከቆጋ መስኖ የሚወጣው አቮካዶ በየገበያው አለ፤ ግማሽ አቮካዶ 6 ግራም ያህል አሰር ይዟል፣ ለብቻው የአንድ ቁርስ ያህል ማለት ነው። አንድ ሙዝ 3፣ መካከለኛ ስኳር ድንች 4፣ ድንች ከነልጣጩ የተቀቀለ 3፣ 100 ግራም የበሰለ ጎመን 4 ግራም ገደማ አላቸው። ዘይቱን (ጉዋቫ) ከአሰሩ ሌላ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ይህ ለቁስል መጠገን ያስፈልጋል። ግብጦ የጎጃም ሀብት ነው፤ አሰሩም ፕሮቲኑም ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ተቆልቶ ለቀናት ውሃው እየተለወጠ እስኪጣፍጥ መዘፍዘፍ አለበት፤ ምሬቱ ያልለቀቀ ግብጦ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ከአረቄ ጋር የሚቀርበው ደግሞ ይቅር፤ አረቄው የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣል።

እነዚህን በአንድ ቀን እንዲህ ማገናኘት ይቻላል። ጠዋት ያልተነፋ የስንዴ ዳቦ ሁለት ቁራሽ ከሙዝ ጋር፤ ምሳ አንድ እንጀራ በድፍን ምስር አልጫና በጎመን፤ መክሰስ ግማሽ አቮካዶ፤ ማታ ግማሽ እንጀራ በድንች አልጫ። 30 ግራም በዚህ ይሞላል። ዕንቁላል፣ የጣና ዓሣ፣ እርጎ ወይም ትንሽ ሥጋ ይጨመርበት፤ ቁስል ያለ ፕሮቲን አይጠግግምና «ሥጋ ጨርሶ ተው» የሚለውን ምክር አንደግፈውም።

አምስተኛው ሰገራን መያዝ ነው። ከቁርስ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደንዳኔ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ያን ሰዓት ይጠብቁት፤ ስሜቱ ሲመጣ ወዲያው ይሂዱ። ከ5 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ፣ አያምጡ። የቁጢጥ ሽንት ቤት ለዚህ ሕመም ከወንበሩ የተሻለ ነው፤ ወንበር ከሆነ እግርዎን ዝቅተኛ ዱካ ላይ ያሳርፉ።

ምልክት፦ ተልባና ፉርሽካ ጀመርኩ፤ ሆዴ ተነፋ፣ ድርቀቱም ባሰ

መጠኑ በአንዴ በዝቷል፣ ወይም ውሃው አንሷል። አሰርን በየሳምንቱ 5 ግራም ያህል እየጨመሩ በሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ሙሉው ይድረሱ፤ በአንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እስኪለምዱት ጋዝ ማብዛታቸው ያለ ነው።

ተልባን በተመለከተ አሠራሩ ለውጥ ያመጣል። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንዳለ ይወጣል። ለስለስ አድርገው ይቁሉት፤ ካረረ ይመራል። የሦስት አራት ቀን ብቻ ይፍጩ፤ ዘይታም ስለሆነ የተፈጨው ቶሎ ይሻግታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲወፍርና ሲያሙለጨልጭ ይጠጡት፣ ወዲያው ሌላ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይከተል። ይህ 2 ግራም ያህል አሰር ነው። በሳምንቱ ሁለተኛ ማንኪያ ማታ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የሚወስዱት ክኒን ካለ በሁለት ሰዓት ያራርቁት፤ ልጋጉ መድኃኒቱን ይይዘዋል።

ምልክት፦ ጾሙን በሰላም ጨረስኩ፤ በፋሲካ ሳምንት እንደገና ተቀደደ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽምብራው፣ ተልባው ለዚህ ቁስል የተመረጠ ማዕድ ነው። በፋሲካ ግን ማዕዱ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ አይብና ቅቤ ምንም አሰር የላቸውም። ለሦስት አራት ቀን ዶሮ ወጥና ጥብስ፣ ከላዩ ጠላና አረቄ፤ ሰገራው ይጠጥራል፣ ገና የጠገገው ስስ ቆዳ ይከፈታል። ስለዚህ ከፍስክ ምግቡ ጎን ጎመኑና ምስሩ ከገበታ አይነሣ። ጎመን በሥጋ ለዚህ የተመቸ ነው። ሥጋውን በአንድ ገበታ ከ150 ግራም አያሳልፉ፤ ተልባውን ከነዚያ ቀናት በአንዱም አይዝለሉ።

በጾሙ ወቅት የሚደርቅበት ሰው ደግሞ አለ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለ ውሃ የሚቆይ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ 2 ሊትር ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ሲገድፉ ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ ይሞላል። ቁስሉ እየደማ ከሆነ ግን ውሃን በጠዋት ስለመጀመር የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሄ አያጡም።

ምልክት፦ ሰገራው ለስላሳ ነው፤ ግን ማቃጠሉ አልቆመም

በርበሬና ሚጥሚጣ ቆዳውን አይቀዱትም፤ የተቀደደውን ግን ያቃጥሉታል፣ የሚያቃጥለው ነገር ሳይፈጭ እስከ ፊንጢጣ ይደርሳልና። እስከ ፈውሱ አልጫ ይብሉ፤ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል መጣፈጥ ይችላል። ቃሪያና ዳጣም ይቆዩ። ሌላው ተቅማጥ ነው፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ የሚወጣ ቀጭን ሰገራም ቁስሉን ያሳርረዋል። ተቅማጡ ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ንፍጥና ደም ካለው የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ አሜባና ጃርዲያ በሀገራችን ብዙ ናቸው። ሦስተኛው አጠራረግ ነው፦ ጋዜጣና ሻካራ ወረቀት ይተዉ፣ በውሃ ታጥበው በስስ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ።

ምልክት፦ ከወሊድ በኋላ ጀመረኝ

በእርግዝና ጊዜና ከዚያም በኋላ የሚሰጠው የአይረን ክኒን ሰገራን ያደርቃል፣ ያጠቁራልም። ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ጤና ጣቢያውን ሌላ ዓይነት ወይም ሌላ አወሳሰድ ይጠይቁ። የአራስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ብቻ ሲሆን ያስቸግራል፤ ገንፎው ካልተነፋ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት ይሁን፣ በርበሬው ይቅር፣ የአጃ አጥሚትና የተልባ ውሃ በየመሃሉ ይጠጣ። የምታጠባ እናት ከሌላው ሰው በላይ ውሃ ያስፈልጋታል። ኮዴይንና ትራማዶል ያለባቸው ማስታገሻዎችም ያደርቃሉ፤ ለዚህ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል።

ምልክት፦ ሕመሙ ጠፋ፤ ከወር በኋላ ተመለሰ

ሕመሙ ከቁስሉ ቀድሞ ይሄዳል። ከላይ የሸፈነው ቆዳ ስስ ነው፤ አንድ ደረቅ ሰገራ ይበቃዋል። ሕመሙ ከቆመ በኋላ ይህን አመጋገብ ቢያንስ 8 ሳምንት ሳያቋርጡ ይቀጥሉ፤ ከዚያ በኋላም ውሃውንና አንዱን የተልባ ማንኪያ አይተዉ።

ምልክት፦ ሁሉንም አድርጌ 8 ሳምንት አለፈ

ጡንቻው ከመኮማተሩ የተነሣ ምግብ ብቻውን የማይፈውሰው የቆየ ስንጥቅ አለ፤ ይህ የእርስዎ ስንፍና አይደለም። ሐኪሙ ጡንቻውን የሚያላላ ቅባት፣ ለምሳሌ ናይትሮግሊሰሪን ወይም 2 በመቶ ዲልቲያዜም፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊያዝ ይችላል። ናይትሮግሊሰሪን ራስ ምታት ያስከትላል፤ ተቀምጠው ይቀቡት። ላክቱሎስም ሰገራውን ለማለስለስ ይታዘዛል። ይህ ካልሠራ ከውስጠኛው ጡንቻ ጥቂቱን የሚቆርጥ አጭር ቀዶ ሕክምና አለ፤ አብዛኛው ሰው በእሱ ይድናል፣ ጥቂቶች ግን ጋዝ መቆጣጠር ሊቸግራቸው ስለሚችል አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል። ባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ እንዲሁም የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል አላቸው።

8 ሳምንቱን ሳይጠብቁ የሚኬድበትም ምክንያት አለ፦ ቁስሉ በጎን በኩል ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ከሆነ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልብ ከሆነ፣ ደሙ የጠቆረ ወይም ከሰገራው ጋር የተደባለቀ ከሆነ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆነው የሰገራ ልማድዎ በቅርቡ ከተለወጠ። የአንጀት ቲቢ፣ ኤችአይቪና የደንዳኔ ካንሰር ከስንጥቅ ጋር የሚመሳሰል ቁስል ወይም መድማት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ለሐኪሙ «ኪንታሮት አለብኝ» ብለው አይጀምሩ፤ መቼ እንደሚያም፣ ከሰገራ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና የደሙን ቀለም ይንገሩት። በዓይን ማየቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ጣት አስገብቶ መመርመር ሕመሙ ሲበረታ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፣ ስለዚህ ያንን ፈርተው አይቅሩ።