ከአባባ ተስፋዬ የተማርኩት፦ ለልጅ ተረት እንዴት ይነገራል?

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር። የልጆች ፕሮግራም ሰዓት ሲደርስ ጎረቤት ቤት እንሄዳለን፣ ጫማችንን ደጅ እናወልቃለን፣ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። አባባ ተስፋዬ ብቅ ይሉና «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው እንደምን ናችሁ ሲሉን ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ደህና ነን አባባ ተስፋዬ!» ብለን እንጮኻለን። እንደማይሰሙን ማንም አልነገረንም። ቢነግረንም አናምንም ነበር። መልሳችንን እስክንጨርስ ዝም ብለው ይጠብቁናላ!

ከዚያ ፕሮግራም ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። ልጅን ትጠይቀዋለህ፣ ከዚያ መልሱን ትጠብቃለህ። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የገባኝ ራሴ ወላጅ ሆኜ ማታ ማታ ለልጄ ተረት መንገር ስጀምር ነው። በመጀመሪያው ቀን ተረቱን ልክ እንደ ዜና አነበነብኩላት፣ መጨረሻ ላይ ምክር ጨመርኩበት፣ እሷም «አለቀ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ወዲህ የሞከርኩትንና የሠራልኝን ነው የምጽፍላችሁ።

አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ወደ ቴሌቪዥን የመጡት በመድረክ ተፈትነው ነው። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደው እዚያ ለጦርነት የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን አዝናንተዋል። በብሔራዊ ቴአትርም ሠርተዋል። ሙዚቃም፣ ምትሃትም ይችሉ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆችን ፕሮግራም ያዙ፤ ለ42 ዓመታትም ቆዩበት። አባት ያየውን ልጅም አየው ማለት ነው። ይህን የማነሳው «እሳቸው እኮ ተሰጥኦ ነው» ለሚሉኝ ሰዎች ነው። ተሰጥኦውስ አለ፣ ግን ብዙው ነገር ልምድ ነው፣ ልምድን ደግሞ ማንም ወላጅ ቤቱ ውስጥ ሊያዳብረው ይችላል።

መጀመሪያ ሰዓት ቁረጡ። እኛ ያን ፕሮግራም እንደዚያ የወደድነው ስለምንጠብቀውም ጭምር ነው። በየምሽቱ ካልሆነላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን፣ ግን አይቅር። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። በተረት መሃል አንድ ጊዜ ስልክ ካያችሁ ልጁ ጨዋታው እንዳበቃ ያውቃል።

ከዚያ መክፈቻ ያስፈልጋችኋል። «ተረት ተረት» ትላላችሁ፣ ልጁ «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ብሎ ይመልሳል። የቱን እንደምትመርጡ አትጨነቁ፣ እናታችሁ ያስተማረቻችሁን ተጠቀሙ። ዋናው ነገር ልጁ ገና ከመነሻው አፉን እንዲከፍት ማድረግ ነው። አንዴ የመለሰ ልጅ አድማጭ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ የጨዋታው ባለቤት ይሆናል።

አሁን ወደ ተረቱ። አጭርና በደንብ የምታውቁትን ምረጡ። እኔ ብዙ ጊዜ የምጀምረው «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ከሚለው ነው። ሁላችንም እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር እናውቀዋለን፣ ግን ውስጡ ሙሉ ተረት አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ የቀረውን ተራኪው ነው የሚሞላው። እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። አያ ጅቦ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ትልቅ ሰው መስሎ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ሰው ቤት ይደርሳል። «ቤቶች!» ይላል። ድምፁን ወፈር አድርጉት። ባለቤቶቹ ደግና እንግዳ ወዳድ ናቸው፣ ጅብ አይተው አያውቁም። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ መደቡ ላይ አረፍ ይበሉ» ይሉታል። እሱ ግን «የለም፣ እኔስ ቁርበት ነው የምወደው» ይላል። እዚህ ላይ አቁሙ። ልጁን እዩትና «ለምን ይመስልሃል ቁርበት የፈለገው?» በሉት።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል፣ ዝምታው። ሦስት አራት ሰከንድ ለትልቅ ሰው ረጅም ነው፣ ልንሞላው እንቸኩላለን። አትሙሉት። ልጁ እያሰበ ነው። «ብርድ ይዞት» ቢል «ሊሆን ይችላል፣ እስቲ እንይ» ብላችሁ ቀጥሉ። ስህተት ነው አትበሉ፣ ተረቱ ራሱ ይመልስለታል። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ ቁርጥም፣ ቁርጥም የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ የልጁን ዓይን ብታዩት ደስ ይላችኋል።

ድምፅ መቀያየር ላይ የሚያፍሩ ወላጆች አሉ፣ በተለይ አባቶች። ልጃችሁ የሚያያችሁ እንደ ተዋናይ አይደለም። ለጅቡ ወፍራም፣ ለጦጢት ቀጭን፣ ለአንበሳው ዘገምተኛ ድምፅ ይበቃል። እጃችሁንም አሠሩት። ጅቡ ሲያነክስ ክፍሉ ውስጥ ተነስታችሁ አንክሱ።

ምክሩን ተዉት። የምሬን ነው። በተረት መጨረሻ «ስለዚህ ልጄ፣ አየህ…» የምትለዋ ነገር ተረቱን ትገድለዋለች። ይልቅ «አንተ ብትሆን ጅቡን ታስገባው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔዋ «አስገባዋለሁ፣ ግን ቁርበቱን እደብቃለሁ» አለችኝ። እኔ በአንድ ሰዓት ምክር እዚህ አላደርሳትም ነበር።

አንዳንድ የድሮ ተረቶችን እንዳሉ አትውሰዱ። ዓይነ ስውርን፣ አካል ጉዳተኛን ወይም አንድን ብሔር መሳቂያ የሚያደርጉ አሉ። እነዚህን እኔ አልናገርም፣ ሌላ ሞልቷል። የሚያስፈራ ተረት ግን ሁሉ መጥፎ አይደለም። ልጅ እናቱ ጉያ ሆኖ ጅብ ሲፈራ ፍርሃትን መቻል ይለማመዳል። ትንሽ ካለቀሰ ወይም ከተሸማቀቀ ጅቡን በቶሎ ከቤት አስወጡትና ወደ እንቆቅልሽ ዙሩ።

እንቆቅልሽ ለደከመ ወላጅም ጥሩ ነው። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» ተባባሉ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት»፣ መልሱ ጤዛ ነው። ካላወቀ «አገር ስጠኝ» በሉት፣ ጎንደርን ይስጣችሁ፣ ሐረርን ይስጣችሁ። በዚያው የአገሩን ከተሞች ይለምዳል። ጠዋት ደግሞ ሣር ላይ ጤዛ ካለ ወስዳችሁ አሳዩት።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ አሜሪካ ናት፣ ልጇ አማርኛ ይሰማል እንጂ መናገር ያፍራል። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ተረት እነግረዋለሁ። በስልክ ድምፅ ስለሚዘገይ ከጥያቄ በኋላ ከቤት ይልቅ ረዘም አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ሲመልስልኝ አላርመውም፤ ያለውን በአማርኛ ደግሜ «አዎ፣ ጅቡ ርቦታል!» እለውና እቀጥላለሁ። ከሁለት ወር በኋላ «ርቦታል» የምትለዋን ራሱ አመጣት። አያት በሕይወት ካሉላችሁ ደግሞ ይህን ሥራ ለእሳቸው ስጡ፣ ከእኔና ከእናንተ የተሻለ ይችሉበታል።

መዝጊያውን አትርሱ፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። እኛ ቤት በእውነት ቁራሽ ዳቦ ይቀርባል። ዳቦው ከቀረበ በኋላ ተራው የልጁ ነው። እንዲተርክ አድርጉት። ያቀላቅላል፣ ጅቡን ከጦጣ ጋር ያጋባል፣ መሃል ላይ ውሃ ይጠይቃል። አታቋርጡት፣ አታርሙት። ሲያቆም እንደማታውቁ ሆናችሁ «ከዚያስ?» ብቻ በሉ።

አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጄ አልተወለደችም ነበር። አሁን ማታ ማታ አሻንጉሊቶቿን አልጋዋ ላይ ትደረድራቸውና «እንደምን ናችሁ ልጆች?» ትላቸዋለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃቸዋለች።