ለጌም ብላችሁ ትንሿን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ቤርቦን ሚኒ ፒሲ ስትገዙ የሚሰጣችሁ ሳጥኑ፣ ማዘርቦርዱና ቻርጀሩ ነው። ራሙን (ጊዜያዊ ሚሞሪውን)፣ ኤስኤስዲውን (ፋይልና ጌም የሚቀመጥበትን)፣ አንዳንዱ ላይ ፕሮሰሰሩንም ጭምር ራሳችሁ ትሞላላችሁ። እንጀራው ቀርቧል፣ ወጡን ይዛችሁ ኑ እንደማለት ነው።

እኔ አዳማ ቤቴ ያለው አስሮክ ዴስክሚኒ ኤክስ300 ነው፣ ከራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር ጋር። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ቦታ የለውም። ጌሙን የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቬጋ 7 የሚባል ግራፊክስ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከራሙ ላይ ይበደራል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ራሙ ላይ አትቆጥቡ። አንድ ባለ 3200 ራም (ቁጥሩ ፍጥነቱ ነው) በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ ሁለት ሲሆኑ 51.2። እኔ "ሌላውን በኋላ እጨምራለሁ" ብዬ አንድ ባለ 16 ጊጋ ሰካሁ። ፊፋ ላይ ኮርና በተመታ ቁጥር ስክሪኑ ቆም፣ ቀጠል፣ ደግሞ ቆም። ታናሽ ወንድሜ "ኔትወርኩ ነው" ይለኛል፤ ኦንላይን እንኳ አልነበርንም! አውጥቼ ሁለት ባለ 8 ስከትበት፣ ሌላ ምንም ሳልነካ፣ መንተባተቡ ቀረ። የሚገባለት የላፕቶፕ ዲዲአር4 ራም ስለሆነ ላፕቶፕ የሚጠግኑ ልጆች ጋ ይገኛል። ስቲከሩን ሳታነቡ ግን አትክፈሉ፤ 2400 የሚል ከሆነ መልሱለት።

ቀጥሎ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ግቡና ለግራፊክሱ ከራሙ 2 ጊጋ መድቡለት። ሳጥኑ ቀደም ብሎ የተመረተ ከሆነ ባዮሱ ካልታደሰ 5600ጂን ላያውቀው ይችላል፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ሻጩ ፊት አስነስታችሁ እዩ።

ማቀዝቀዣው ሌላ ጣጣ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ፋን ቁመቱ 54 ሚሊሜትር ነው፣ ሳጥኑ የሚችለው 46። አይገባም፣ አትታገሉ፣ አጠር ያለ ፈልጉ። በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት አለ። የቲቪ ሳጥን ውስጥ አትሸጉጡት። ኮረብታው ላይ እነዚያን ተርባይኖች የሚያዞረው ንፋስም አቧራውን ይዞ ቤት ይገባል። በየሁለት ወሩ ከኋላ ያሉትን 4 ብሎኖች ፈትታችሁ ማዘርቦርዱን ከነትሪው ሳቡትና በቀለም ብሩሽ ጥረጉት። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዝ አድርጉት።

የጌሙን ሴቲንግ 1080 ላይ ሎው አድርጉ፣ ከከበደው ወደ 720 አውርዱ። ዶታ 2ና ጂቲኤ 5 ይሄዳሉ። አዳዲሶቹን ከባድ ጌሞች ካማራችሁ ግን ይሄን ተዉትና ግራፊክስ ካርድ ያለው ያገለገለ ትልቅ ዴስክቶፕ ፈልጉ።

መብራት ለሚሄድበት ሰፈር፣ ቻርጀሩ 120 ዋት ስለሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ይችለዋል። ሞኒተሩንም እዚያው ሰኩት። እኔ እሱን ረስቼ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ ስክሪኑ ጨልሞ፣ የጎሉን ጩኸት ብቻ ሰማሁ። የገባው እኔ ላይ ነበር።