የሌሊት ጦጣንና ዘንባባን እንዴት እናወዳድራለን?

ደሴ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «ሁለት የማይመሳሰሉ ሕያዋንን አወዳድሩ» የሚል የሥነ ሕይወት የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ «ጦጣ ትዘላለች፤ ዘንባባ አይዘልም» እያለ ገጹን ሞልቶታል። ይህንንማ ሳይማርም ያውቀው ነበር።

ዝንጀሮ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» እንዳለችው፣ መጀመሪያ ዝርያውን ይለዩ። የሌሊት ጦጣ የበርካታ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው። እኛ የመረጥነው በቬኔዝዌላና በሰሜን ብራዚል የምትኖረውን፣ 1 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን አኦቱስ ትሪቪርጋቱስን ነው። ከዘንባባ ደግሞ በአገራችን ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ፊኒክስ ሬክሊናታን ወሰድን።

ቀጥሎ ለሁለቱም የሚሆን ጥያቄ ይጻፉ። «ይዘላል ወይ?» ለዘንባባ ጥያቄ አይሆንም፤ «ብርሃንን ምን ያደርግበታል?»፣ «እንዴት ይራባል?» ግን ይሆናል።

ከዚያ በእጅ የሚገኘውን ይመርምሩ። ከሆሳዕና የተረፈ ደረቅ ዘንባባ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር። ልጁ ጫፉን ይዞ ቢስበው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲህ አይቀደድም። የዘንባባ ጅማቶች እንደ በቆሎና እንደ ጤፍ ቅጠል ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ነው፤ በዝምድናም ከባሕር ዛፍ ይልቅ ለሣር ይቀርባል። በዚህ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ምግቡን ያዘጋጃል። ጦጣዋ ብርሃንን የምትፈልገው ለማየት ነው። የድመት ዓይን በጨለማ የሚያበራው ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ነው፤ የሌሊት ጦጣ ግን ይህ የላትም። ጉድለቱን በዓይኗ ትልቅነት ታካክሳለች፤ ጨረቃ ስትደምቅም እንቅስቃሴዋ ይጨምራል።

መራባት ላይ ሲደርሱ አይቸኩሉ። ዘንባባም እንደ ጦጣ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ የአበባ ብናኙን ከሰጠ ሥራው አበቃ። ወንዱ የሌሊት ጦጣ ግን ግልገሉን በአብዛኛው አዝሎ የሚዞረው እርሱ ነው፤ ግልገሉ ወደ እናቱ የሚሄደው ለመጥባት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ አባቱን ቀና ብሎ አየ።

በመጨረሻ ከእያንዳንዱ መመሳሰል አጠገብ «የተወረሰ» ወይም «የአጋጣሚ» ብለው ይጻፉ። የሁለቱም ሕዋስ ኒውክለስ (የዘር መረጃውን የሚይዝ እምብርት) ያለው መሆኑ ከጥንት የጋራ ቅድመ አያት የተወረሰ ነው። ፆታቸው በተለያየ አካል መሆኑ ግን ለየብቻ የደረሱበት ነገር ነው።

ልጁ ሁሉንም አስተካክሎ ጻፈ፤ «ዘንባባ አይዘልም» የምትለዋን መስመር ግን አልሰርዝም ብሎ ከነእርሷ አስረከበ።