ፒካፑ ተሳቢ ሲታሰርበት ለምን ይንበረከካል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ድንኳንና ጀነሬተር አከራያለሁ። የሰርግ ሰሞን ተሳቢዬ ከተክለሃይማኖት ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ፒያሳ ሲመላለስ ነው የሚውለው። የመጀመሪያውን ፒካፕ ስገዛ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ ስንት ይጎትታል? ጀርባው ስንት እንደሚሸከም መጠየቅ ትዝ አላለኝም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚያች ካልተጠየቀች ጥያቄ የመጡ ናቸው።

ኋላው ቁጭ ብሏል፣ ፊቱ ቀና ብሏል

ማታ የፊት መብራትህ የሰው ፎቅ ያበራል። መሪው ይቀልሃል፣ ፍሬን ስትይዝ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ አይዝም። ተሳቢው የራሱ ጎማ ስላለው ክብደቱን ራሱ የሚችል ይመስለናል፤ ነገር ግን ከ10 እስከ 15 በመቶው በጋንቾው በኩል ፒካፑ ላይ ያርፋል።

እስቲ እናስላው። ፒካፑ የተሠራው 900 ኪሎ እንዲጭን ነው እንበል። አምስት ሰው ገባ፣ 375 ኪሎ። ካሶኒው ላይ 300 ኪሎ ጀነሬተር ጫንክ። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ደግሞ ቢያንስ 250 ይጨምርበታል። 925 ሆነ፣ አለፈ። ሻጩ ግን "3.5 ቶን ይጎትታል" ሲልህ አልዋሸም፣ አዳዲሶቹ ሂሉክስ፣ ሬንጀርና ዲማክስ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ እዚያ የሚደርሱ አሉ።

ጋራዥ ስትሄድ "ባሌስትራ (ኋላውን የሚሸከመውን የብረት ሞላ) ጨምርበት" ትባላለህ። እኔም ጨመርኩ። ኋላው ቀና አለ፣ ደስ አለኝ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ የኋላ ኩሺኔታው መጮህ ጀመረ። ባሌስትራ ቁመቱን ነው የሚያስተካክለው፤ አክስሉ፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው። የሠራልኝ ነገር ጀነሬተሩን ወደ ተሳቢው ማውረድ ነበር። ተሳቢው 2,800 ኪሎ ሆነ፣ እኔ ላይ የሚያርፈው 280፣ ከሰዎቹ ጋር 655። ያለ አንድ ብር ወጪ! (ጫኞቹ ሁለቴ አስወረድከን ብለው ተጨማሪ ጠይቀውኛል፣ እሱን አልቆጥርም።) ከተጠራጠርክ የምድር ሚዛን ላይ አውጣው።

ተሳቢው እንደ ጭራ ይወዛወዛል

የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ፍጥነት ስትጨምር የሚመጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቷል፣ ጋንቾው ላይ ያረፈው ክብደት አንሷል። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉን ከተሳቢው አክስል ፊት አድርግ፣ የጎማ ንፋስም እይ። መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝና እግርህን ከነዳጁ አንሳ። ፍሬን በድንገት አትርገጥ፣ መሪውንም ወዲያ ወዲህ አታድርግ።

ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጣ ጥቁር ጭስ፣ ወይ የፍሪሲዮን ሽታ። ጭስ ከሆነ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አይተህ አጽዳ ወይም ቀይር፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እሱ ካልሆነ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛ እጁን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የድሮው ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሂሉክስ ጠንካራ መኪና ነው፣ እወደዋለሁ፣ ለተሳቢ ግን አልመርጠውም። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ፈልግ። የዲፍረንሻሉን ቁጥርም (ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ጠይቅ፤ 4.10 ከ3.55 ይልቅ ለመጎተት ይመቻል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይሸታል

ዓባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን ሲወረድ ቁልቁለቱ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከመውረድህ በፊት ማርሽ ቀንስ፣ ከጀመርክ በኋላ አይደለም። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው አስገጥምለት።

የቤት ተሳቢው ጋቢናውን ሊነካ ነው

ይሄኛው እንደ ሴሚ ትሬለር በካሶኒው ውስጥ ሰሃን ላይ የሚያያዘውን ትልቅ ተሳቢ ለሚያስቡ ነው። ከክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶው የሚያርፈው በኋላ አክስሉ ላይ ወይም ትንሽ ከፊቱ ስለሆነ ብዙም አይወዛወዝም። ሂሳቡ ግን ይከብዳል፦ 6,000 ኪሎ በ20 በመቶ 1,200 ኪሎ ነው። ሂሉክሱን እርሳው። ኤፍ 350፣ ራም 3500 ወይም ሲልቨራዶ 3500 የሚባሉት ትልልቅ የአሜሪካ ፒካፖች ውስጥ ነው የምትገባው። የካሶኒው ርዝመት 2 ሜትር አካባቢ ከሆነ ጠባብ መታጠፊያ ላይ የተሳቢው ግንባር የኋላ መስታወቱን ሊመታ ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሰሃን አስገባ፣ ወይም ከመጀመሪያው 2.4 ሜትሩን ግዛ። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው ብዙ ይሸከማል፣ ነገር ግን ወርዱ 2.4 ሜትር ይጠጋል። ከመክፈልህ በፊት ሜትር ይዘህ የግቢህን በር ለካ።