መጠጥ ካቆሙ በኋላ ቀኑ ሁሉ ሲደብር፦ የኑሮን ጣዕም ለመመለስ ምን ይደረግ? (ለሐዋሳ ነዋሪዎች)

መጠጥ ያቆመ ሰው አምሮት እንደሚመጣበት ያውቃል። ሳያስበው የሚይዘው ድብርቱ ነው። ምግቡ አፉ ላይ ይጣፍጣል፣ ግን ደስ አይለውም። ሰው ሲስቅ ያያል፣ ሳቁ ግን አይጋባበትም። ቅዳሜና ሰኞ አንድ ይሆኑበታል። ብዙዎች ወደ መለኪያው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው፤ «ያለ መጠጥ ኑሮ ይኸው ከሆነ ምን ዋጋ አለው?» ብለው።

ይህ ስሜት ግን የአንጎል ማገገሚያ ጊዜ ነው፣ ያልፋል። አልኮል ዶፓሚን የሚባለውን ደስታንና ፍላጎትን የሚያነሳሳ ኬሚካል ከልክ በላይ ያስለቅቃል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም አንጎል ምላሹን ይቀንሳል። መጠጡ ቆመ ማለት ምላሹ በማግስቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። ስለዚህ የቡና ሽታም ሆነ የጓደኛ ወግ ከሩቅ እንደሚሰማ ሬዲዮ ደካማ ሆኖ ይሰማል። መሻሻሉ ለብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል፣ ለመርጋት ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከደህና ሳምንት በኋላ መጥፎ ሳምንት ቢመጣ አይደንግጡ፤ ማገገም የሚሄደው እንዲሁ ወጣ ገባ እያለ ነው።

ካቆሙ ገና ቀናት ከሆነዎት ወይም ለማቆም እያሰቡ ከሆነ ይህን ያስቀድሙ። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቀባዠር፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ሊከተል ይችላል፣ ሳይታከም ከቀረም ይገድላል። እነዚህ ከታዩ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። አካሄዱ ከተንገዳገደና ግራ ከተጋባ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላልና ይጠጣ እንደነበር ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ።

ያ ካለፈ በኋላ ዋናው ሥራ ደስታ እስኪመጣ አለመጠበቅ ነው። ከጽኑ ሕመም የተነሳ ሰው «እስኪያሰኘኝ» ብሎ አይቆይም፤ አጥሚቱን በማንኪያ በማንኪያ ይወስዳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ከኋላ ይመጣል። እዚህም ድርጊቱ ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል።

አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙ። ማታ ማታ ለነገ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ አንዱ ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ፣ ሌላው ሰው ያለበት። እያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ሰዓቱንና ቦታውን ቁርጥ አድርገው ይጻፉ። «በእግሬ እሄዳለሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከቤቴ እስከ ሐይቁ ዳር» ይበሉ። ከመነሳትዎ በፊት ምን ያህል እንደሚያስደስትዎ ገምተው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡ። ሲመለሱ የተሰማዎትን ነጥብ ከጎኑ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ግምቱ 1 ወይም 2 ሆኖ ውጤቱ 3 ወይም 4 ይመጣል። የተጨነቀ አንጎል ደስታን አሳንሶ ይገምታል፤ ደብተሩ የሚያስፈልገውም ይህን በራስዎ ቁጥር እንዲያዩት ነው። በ3ኛው ሳምንት ገደማ መጀመሪያውን ገልጠው ያስተያዩ።

የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፤ ነጥቡን ከሞቅታ ጋር ማወዳደር። ሞቅታን 10 ካሉት የዓሣ ሾርባ 1 እንኳ አያገኝም። ማወዳደር ያለብዎት ከትናንት ጋር ነው።

ሐዋሳ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት አያደክምም። አሞራ ገደል ጠዋት ይሂዱ፤ ጀልባዎች ዓሣ ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳዎች ትርፍራፊውን ሲጠብቁ ይመልከቱ፣ ትኩስ ቆሮሶ ተጠብሶ ይብሉ። ታቦር ተራራን በሳምንት አንድ ቀን ከሰው ጋር ይውጡ፣ ከላይ ከተማውና ሐይቁ አብረው ይታያሉ። ሐይቁ ውስጥ ግን አይግቡ፤ ቢልሃርዝያም ጉማሬም አለ። ፍቅር ሐይቅ ዳርን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጠዋት ይያዙት። ምሽት ላይ በዙሪያው ቢራ ስለሚበዛ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ሄደው አምሮት ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

በጣም ከባዱ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ሥራ ያልቃል፣ እግር በለመደበት መንገድ ወደ ድራፍት ቤቱ ይሄዳል። ይህን ሰዓት ባዶ አይተዉት። ከሥራ ሳይወጡ 10 ሰዓት ላይ አንድ ነገር ይብሉ፣ ረሃብ አምሮትን ያባብሳል። ባጃጁን ከግሮሰሪው በፊት ባለው ማዞሪያ ያስቁሙ ወይም በሌላ መንገድ ይግቡ። ኳስ ከሆነ የሚስብዎ፣ መጠጥ የማይሸጥበት ቤት ወይም ዲኤስቲቪ ያለው ጓደኛ ዘንድ ይዩ። አምሮት ድንገት ሲመጣ እንደ ማዕበል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ወርዶ ያልፋል። ውሃ ይጠጡ፣ ይነሱ፣ ይራመዱ፣ ለአንድ ሰው ይደውሉ።

ግብዣ ላይ «መድኃኒት ላይ ነኝ» አይበሉ፤ «ስትጨርስ ትጠጣለህ» ብለው ይጠብቁዎታል። «አልጠጣም፣ አምቦ ውሃ አምጣልኝ» በቂ ነው። ብርጭቆዎ ሞልቶ ይቀመጥ፣ ባዶ ብርጭቆ ጋባዥ ይጠራል። ሰርግና ማኅበር ላይ ምሳውን በልተው በጊዜ ይነሱ፤ ጠላው ሲደጋገም መቀመጡ ፈተና ነው። ማልት መጠጥ ለአንዳንዱ ሰላም ይሰጣል፣ ለሌላው ግን ጣዕሙና ጠርሙሱ አምሮት ይቀሰቅሳል። ከቀሰቀሰብዎ ይተዉት።

የቡና ሥርዓት ከመጠጥ ነፃ የሆነ ጨዋታ ነው፣ ጎረቤት ሲጠራዎ ይሂዱ። ግን እንቅልፍ ገና አልተስተካከለምና ከ8 ሰዓት በኋላ ከሆነ አቦሉን ያሳልፉ፣ በረካውን ይጠጡ። ካፌይን ግማሹ ብቻ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕልም ቢበዛና ቢያስፈራ፣ መጠጡ አፍኖት የነበረው የሕልም እንቅልፍ እየተመለሰ ነው። ጣፋጭ ሲያምርዎትም የሚጠበቅ ነው፤ ሙዝና ማንጎ ከለስላሳ ይሻላሉ፣ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛልና።

ጫትን ምትክ ማድረግ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ማታ ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ ይፈለጋል፣ ጨብሲው ደግሞ ያው መጠጥ ነው። የኳስ ውርርድም የዚያኑ ያህል አንጎልን ይይዛል፣ ደሞዝንም ይበላል። ለመጠጥ ይወጣ የነበረውን ብር ደሞዝ በተከፈለበት ቀን ዕቁብ ውስጥ ይጣሉት። ሲወጣልዎ በዓይን የሚታይ ነገር ይግዙበት፤ ብስክሌት፣ ለቤት ምንጣፍ፣ ለልጅ ጫማ።

አንድ ቀን ከተሳሳቱ ቀኑን ደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ የት፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት። በማግስቱ ወደ ፕሮግራሙ ይመለሱ። ቀናት ተከታትለው ከጠጡ ግን እንደገና በድንገት ከማቆምዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ከመጨረሻው መጠጥ አንድ ወር አልፎም ድብርቱ ካልቀነሰ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ካቃተዎት የድብርት ሕመም ራሱን ችሎ ሊኖር ይችላል፣ ይታከማል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ወሩን አይጠብቁ፤ የሚያምኑትን ሰው ይዘው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ደብተሩንም ይዘው ይግቡ፤ «ይደብረኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ የአራት ሳምንት ነጥብ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።