ቢራ መቅዳት፦ ለጀማሪ የሚሆን የሆፕ ቢራ ሬሲፒ እንዴት ይመረጣል?

"ቢራ መቅዳት" ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ብርጭቆ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላኛው መቅዳት ነው። ከፋብሪካ የወጣን ቢራ ቀምሶ፣ አሽትቶ፣ ቀለሙን አይቶ፣ ቤት ውስጥ መሰሉን መጥመቅ። ጠማቂዎቹ "ክሎን" ይሉታል።

አብዛኛው ጀማሪ ወደዚህ ነገር የሚገባው አንድ ቢራ ወዶ ነው። በተለይ ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) የበዛበትን፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ ወይም የማንጎ ሽታው አፍንጫ ላይ የሚቀረውን። ከዚያ ሬሲፒ ፍለጋ ይጀምራል፣ ለአንድ ቢራ አሥራ አምስት ሬሲፒ ያገኛል፣ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ ግራ ይገባዋል፣ በመጨረሻ ሆፕ በብዛት የተጻፈበትን ይመርጣል። ብዙ ሆፕ፣ ብዙ ጣዕም፤ አይደል?

አይደለም። እኔም የተሸወድኩት እዚሁ ላይ ነው። የመጀመሪያ ክሎኔ ድፍርስ አይፒኤ (ሆፕ የሚበዛበት የቢራ ዓይነት) ነበር፤ ያ ጭማቂ የሚመስለው፣ ሲትራና ሞዛይክ የሚባሉት ሆፖች የሚዥጎደጎዱበት። ለ20 ሊትር 300 ግራም ሆፕ ከተትኩበት። ባልዲው ውስጥ እያለ ቤቱን ሁሉ አወደው፤ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን ወርቃማው ቀለም ጠፍቶ ወተት የነካው ሻይ መሰለ። ሽታው እርጥብ ካርቶን። ጥፋቱ የሬሲፒው አልነበረም፣ ለእኔ አልሆነም እንጂ። ይህ ዓይነቱ ቢራ አየር ጠላቱ ነው። ከባልዲ ወደ ጠርሙስ በቱቦ ሲገለበጥ የሚገባው ትንሽ ኦክስጅን እንኳ የሆፑን መዓዛ ይበላዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ፋብሪካዎቹ ይህንን የሚያመልጡት ቢራውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ እየገፉ፣ አየር ሳያሳዩት ወደ ጣሳ ስለሚያስገቡት ነው። እኔ የነበረኝ ባልዲና ቱቦ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀዱት ቢራ የግድ በጣም የምትወዱት ቢራ መሆን የለበትም። ጠማቂው ምን እንደሚያደርግበት የሚታወቅ፣ የሆፕ ዓይነቱ ጥቂት የሆነ፣ ጥፋታችሁን ትንሽም ቢሆን የሚችልላችሁ ቢራ ይሁን። የምትወዱት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ይደርሳል፤ የትም አይሄድም።

መጀመሪያ የማየው ሬሲፒው ከየት እንደመጣ ነው። አንዳንዱ ክሎን ቢራውን ቀምሶ የገመተ ሰው የጻፈው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ፋብሪካው የተናገረው ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የሩሽያን ሪቨር ፋብሪካው ጠማቂ ቪኒ ሲሉርዞ ፕሊኒ ዘ ኤልደር የሚባለውን ቢራውን አሠራር ለቤት ጠማቂዎች ሰጥቷል። ብሩዶግ የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ፐንክ አይፒኤን ጨምሮ የቢራዎቹን ሬሲፒ በነፃ ለቀቀው፤ ያውም ለ20 ሊትር ተሰልቶ። የሴራ ኔቫዳ ፋብሪካም ፔል ኤሉ (ነጣ ያለ ቀለም ያለው ቢራው) ውስጥ የትኞቹ ሆፖች እንዳሉ፣ የአልኮል መጠኑ 5.6 በመቶ፣ ምሬቱ 38 አይቢዩ (የምሬት መለኪያ ነው) እንደሆነ አይደብቅም። መሥራቹ ኬን ግሮስማን ራሱ ከቤት ጠመቃ የተነሳ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ ከተማ የቤት ጠመቃ ዕቃ መሸጫ ከፍቶ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ቁጥር ካላችሁ የያዛችሁትን ሬሲፒ ከቁጥሩ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ሬሲፒው 60 አይቢዩ ካለና ፋብሪካው 38 ካለ፣ ሬሲፒውን ጣሉት።

ቀጥሎ ሆፖቹን ቁጠሩ። አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ ደህና ነው። አምስት ከሆኑ፣ ቢራው ሳይመስል ሲቀር ማን እንዳጠፋ አታውቁም። የቤልስ ፋብሪካ ቱ ሃርትድ በዚህ በኩል ለጀማሪ የተሠራ ይመስላል፤ 7 በመቶ አልኮል ያለው አይፒኤ ሆኖ ሆፑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሴንቴኒያል ብቻ ነው። ጣዕሙ ከራቀ ወይ ሆፓችሁ አርጅቷል፣ ወይ ሰዓቱን አሳስታችኋል፣ ወይ እርሾው ከፍቶበታል። ተጠርጣሪው ጥቂት ነው።

የአልኮል መጠኑን ደግሞ አትናቁት። 8 በመቶ የሆነው ፕሊኒ ሬሲፒው ቢገኝም ለመጀመሪያ ቀን አልመክረውም። ጠንካራ ቢራ ብዙና ጤነኛ እርሾ ይፈልጋል። ስኳሩ የበዛ ፈሳሽ ደግሞ ከሆፑ የሚወስደው ምሬት ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ሆፕ ትጨምራላችሁ። ሆፑ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ቢራ ይመጥጣል፤ 20 ሊትር ብላችሁ ጀምራችሁ ግማሹን ድካም ከአተላው ጋር ስትደፉት ያንገበግባል። ከ5 እስከ 6 በመቶ ያለው ፔል ኤል ወይም ቀለል ያለ አይፒኤ ይበቃል።

እርሾውስ? ንጹሕ የሚባለው፣ የራሱን ጣዕም ብዙ የማይጨምረው፣ በደረቁ የሚሸጠው ይሁን። ሳፍኤል ዩኤስ-05 የብዙዎቹ የአሜሪካ ፔል ኤል ክሎኖች እርሾ ነው፤ 11.5 ግራም የምትመዝነው አንዷ ፓኬት ለ20 ሊትር ትበቃለች፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ክፍል ውስጥ ሥራዋን ትሠራለች። ሬሲፒው በአንድ ፋብሪካ ብቻ ያለ ልዩ እርሾ የሚጠይቅ ከሆነ ለጊዜው እለፉት።

አሠራሩ የተለየ ዕቃ የሚጠይቅም አለ። የዶግፊሽ ሄድ ፋብሪካ 60 ሚኒት አይፒኤ ስሙን ያገኘው ሆፑ ለ60 ደቂቃ ያለማቋረጥ ስለሚጨመርበት ነው። በየአምስት ደቂቃው ቆንጠር እያደረጉ መጨመር ይቻላል፣ የሚያደርጉም አሉ። ግን ድስቱ ሊገነፍል ሲል፣ ስልክ ሲጮህ፣ ሰዓት ስትቆጥሩ... ለመጀመሪያ ቀን ይቅርባችሁ።

አሁን ሬሲፒ መርጣችኋል እንበል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የሊትር መጠኑ ተጽፏል? መነሻና መድረሻ ግራቪቲው (እርሾው ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ ፈሳሹ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ውፍረት) አለ? ለእያንዳንዱ ሆፕ ክብደቱ፣ የአልፋ አሲዱ መቶኛና የሚገባበት ደቂቃ አለ? "አንድ ፓኬት ሆፕ" ብቻ የሚል ሬሲፒ ሬሲፒ አይደለም፤ የስንት ግራም ፓኬት?

ከዚያ ሂሳቡን ፈትሹት። መነሻው 1.054፣ መድረሻው 1.011 ከሆነ ልዩነቱ 0.043 ነው። በ131 ስታባዙት 5.6 በመቶ አልኮል ይመጣል። ሬሲፒው ከላይ 7 በመቶ ብሎ ከታች እነዚህን ቁጥሮች ከጻፈ፣ ጻፊው ራሱ አልጠመቀውም ማለት ነው።

አልፋ አሲዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። አልፋ አሲድ ሆፑ ሲፈላ ወደ ምሬት የሚለወጠው ነገር ነው። ግን መጠኑ እንደ አዝመራው ይለያያል። ካስኬድ አንድ ዓመት 5 በመቶ፣ ሌላ ዓመት 7 በመቶ ሊሆን ይችላል። ሬሲፒው ማግነም 20 ግራም፣ አልፋው 13 በመቶ ካለ፣ የእናንተ ፓኬት ላይ ግን 10 ከተጻፈ፣ 20 በ13 አባዙና ለ10 አካፍሉ፤ 26 ግራም። ይኸው ነው። ይህ የሚሠራው ግን መጀመሪያ ላይ ለምሬት ለሚገባው ሆፕ ነው። መጨረሻ ላይ ለመዓዛ የሚገባውን በአልፋ አታስተካክሉት፣ ክብደቱን ጠብቁ፤ እዚያ ላይ የምንፈልገው ዘይቱን ነው።

ድስታችሁስ ስንት ሊትር ይይዛል? 20 ሊትር የሚያፈላ ድስት የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ በኤክስትራክት ይጀምራል፤ ከብቅል ተወስዶ የደረቀ ስኳር ነው። 10 ሊትር አፍልቶ በኋላ ውሃ ይጨምርበታል። እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ፣ ኤክስትራክቱን ሁሉ በ10 ሊትር ውስጥ ከጨመራችሁት ፈሳሹ እጥፍ ይወፍራል፣ ሆፑም ምሬቱን በሚገባ አይሰጥም። ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን እሳቱ ሊጠፋ ሲል ጨምሩት። ቀለሙም አይጠቁርም። ይህንን በግልጽ የሚጽፍ ሬሲፒ ካገኛችሁ፣ ጻፊው ስለ ጀማሪ አስቧል።

ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤልን ለመምሰል እኔ መጀመሪያ የጠመቅኩት ለ20 ሊትር እንዲህ ነው። 350 ግራም መካከለኛ ቀለም ያለው ክሪስታል ብቅል (ቀለምና ጣፋጭነት የሚሰጠው)፣ ተቀጥቅጦ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ፣ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይነከራል። ከረጢቱ ይወጣል፤ 2 ኪሎ ከ750 ግራም ነጣ ያለ ደረቅ ኤክስትራክት አሁን እንዳልኩት በሁለት ጊዜ ይገባል። ሲፈላ ማግነም 20 ግራም፣ 60 ደቂቃ። ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ካስኬድ 30 ግራም። እሳቱ ሲጠፋ ካስኬድ 50 ግራም። ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እርሾው ይገባል፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ምሬቱን ሳሰላው ወደ 36 አይቢዩ ይሰጠኛል፣ የመጨረሻው ካስኬድ ትንሽ ስለሚጨምርበት ለ38ቱ ቅርብ ነው። ጠርሙስ ስትሞሉ በሊትር 6 ግራም ስኳር፤ ለ20 ሊትር 120 ግራም። ሀይድሮሜትሩ (የግራቪቲ መለኪያው) በሁለት የተለያዩ ቀናት አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳያችሁ ግን ጠርሙስ አትሙሉ። መፍላቱን ያልጨረሰ ቢራ ጠርሙስ ያፈነዳል፤ ቀልድ አይደለም።

ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ በሳኒታይዘር ይታጠብ። የቧንቧ ውሃችሁ ክሎሪን የሚሸት ከሆነም አስቀድማችሁ አስወግዱት፣ አለዚያ ቢራው የቁስል ፋሻ ፋሻ ይሸታል።

ሆፑን ስትገዙ ደግሞ ፓኬቱ አየር የሌለው፣ በቅዝቃዜ የቆየና የአዝመራ ዓመቱ የተጻፈበት ይሁን። ስትከፍቱት አሽትቱት። አይብ ወይም የቆየ ካልሲ ከሸተታችሁ አርጅቷል። ሬሲፒው የፈለገውን ያህል ትክክል ቢሆን ያንን ሽታ አያድነውም።

የምትቀዱት ቢራ ራሱስ ትኩስ ነው? ይህን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የሆፕ መዓዛ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። እናንተ የለመዳችሁት ጣዕም ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ፣ ብርሃን ላይ የቆመ ጠርሙስ ከሆነ፣ ትክክለኛ ክሎን ጠምቃችሁ "አልመሰለም" ልትሉ ትችላላችሁ። በእርግጥ አልመሰለም፤ በልጦ ነው። ስለዚህ የታሸገበት ቀን የሚታይበትን፣ ቅርብ ጊዜ የወጣውን ፈልጋችሁ ማግኘት የምትችሉትን ቢራ ምረጡ። የምታስተያዩበት ከሌለ ክሎን አይባልም።

ማስተያየቱም ወግ አለው። ሁለት ብርጭቆ አቅርቦ "የኔ የትኛው ነው?" ማለት አያዋጣም፤ ቤተሰብ ይራራል። ሦስት ብርጭቆ ቅዱ (ይሄኛው የድሮው መቅዳት ነው)። ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ቢራ፣ ሦስተኛው ውስጥ ሌላው። ቀለሙ እንዳይታይ ብርጭቆዎቹን በወረቀት ሸፍኑ፣ የተለየውን እንዲያወጡ ጠይቁ። በግምትም ከሦስት አንዴ ስለሚመታ ደጋግሙት። እህቴ የመጀመሪያውን ፔል ኤሌን አራት ጊዜ ተጠይቃ አራቱንም ጊዜ ለየችው፤ "ያንተኛው ጣፈጥ ይላል" አለችኝ። በሚቀጥለው ዙር ክሪስታሉን ወደ 250 ግራም ቀነስኩ፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ከአራቱ ሁለቱን አገኘች። ሦስተኛው ላይ ካስኬዱን ብቻ በአዲስ አዝመራ ቀየርኩት። ብርጭቆዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ተናደደች፣ በመጨረሻ የፋብሪካውን አነሳችና "ያንተ ይሄ ነው" አለች።