የፕላስቲክ ትል ለባስ ዓሣ

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሚያልፈው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ልታጠምዱ ከሆነ፣ ለማታለያ የሚሆን የፕላስቲክ ትል አስር ዓይነት አትግዙ። እኔ ገዝቼ አብዛኛው ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። ሁለት ቀለም ይበቃል። ውሃው ጠራ ሲል ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ከዝናብ በኋላ ሲደፈርስ ጥቁርና ሰማያዊ።

ዋናው ነገር ትሉ መንጠቆው ላይ አሰካኩ ነው። ሰመር ላይ ወንዙ ሣር ስለሚበዛበት ‹ቴክሳስ ሪግ› የሚባለው አሰካክ ይሻላል። ጥይት የሚመስለውን ክብደት በክሩ አሳልፉና መጠኑ 3/0 የሆነ መንጠቆ እሰሩ። ጫፉን በትሉ አናት አስገብታችሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ አውጡት። ከዚያ መንጠቆውን አዙራችሁ ጫፉን መልሳችሁ ትሉ ውስጥ ቅበሩት። እንዲህ ከሆነ ሣር አይዝም። ትሉ ከተጣመመ ግን እንደገና ስኩት፤ አለበለዚያ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዘዋል።

ሣር በሌለበት፣ ለምሳሌ ጀልባ ማቆሚያ ስር፣ ወፍራሙን ትል ወገቡ ላይ ብቻ ውጉት። ‹ዋኪ› ይሉታል። ክብደት አያስፈልገውም። ሁለቱ ጫፎቹ እየተርገበገቡ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። አትጎትቱት! ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ትሉ ሲሰምጥ ነው። ክሩ ወደ ጎን ሲሄድ ካያችሁ ሳብ አድርጉ።

ወገቡ ቶሎ ስለሚቀደድ ትንሽ የጎማ ቀለበት አጥልቁበትና መንጠቆውን በቀለበቱ ስር አሳልፉ።